ለልጅ የሆድ ውስጥ ንፍፊት የትኛው ማስታገሻ? አስፕሪን፣ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ሲነጻጸሩ

አባትየው አምስት ዓመት የሚሆነውን ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። በአንድ እጁ አራት ቦታ የታጠፈ የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዟል። ዘርግቼ አነበብኩት። በቀኝ የታችኛው ሆድ በኩል ተሰብስበው ያበጡ የሊምፍ እጢዎች ታይተዋል፤ ትልቁ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ነው ይላል።

«ዶክተር፣ ሆዱ ውስጥ ንፍፊት ወጥቶበት ነው አሉኝ። እናቴ ደግሞ አስፕሪን ስጠው፣ እብጠት ያጠፋል አለችኝ። ልስጠው ወይስ የተሻለ አለ?»

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ግን እዚህ «ዶክተር» ይባላል። ይህን ጥያቄ ከነወረቀቱ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ይበዛልና። እናቱም ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። አስፕሪን እውነትም እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ለዚህ ልጅ ግን ከአማራጮቹ ሁሉ አስቀድሜ ከምርጫ ውጪ የማደርገው እሱን ነው። ምክንያቱን፣ ከዚያም የቀሩትን እንዴት እንደማመዛዝን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

መድኃኒቱ ምን እንዲያደርግልን ነው የምንፈልገው?

እግሩ የቆሰለ ልጅ ብሽሽቱ ውስጥ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይወጣበታል። ቁስሉ ሲድን እብጠቱም ይጠፋል። ይህን ንፍፊት የማያውቅ ወላጅ የለም። አንጀትን ከጀርባ ጋር አያይዞ በያዘው ስስ ሽፋን ውስጥም ተመሳሳይ እጢዎች በብዛት አሉ። እነሱ ሲያብጡ ሐኪሞች «ሜሴንቴሪክ አዴናይቲስ» ይሉታል። የሚበዛው በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጉንፋን፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ተቅማጥ ነበረ። የቺካጎው የሕፃናት ሐኪም ጆሴፍ ብሬነማን ጉሮሯቸውን የታመሙ ልጆች ሆዳቸውንም እንደሚያማቸው እ.ኤ.አ. በ1921 ጽፎ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም እናቶች «ቶንሲሉ ሳይለቀው ሆዴን ማለት ጀመረ» ሲሉኝ የሚነግሩኝ ያንኑ ነው።

ስለዚህ እጢው ያበጠው በሽታውን በመከላከል ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ሲለቅ ሕመሙ በራሱ ይጠፋል፤ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከባንኮኒዬ ኋላ ካሉት ማስታገሻዎች አንዱም ንፍፊቱን ቶሎ አያሟሽሸውም። ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚያዙት እረፍት፣ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ነው። ንጽጽራችን «የትኛው እብጠቱን ያጠፋዋል?» ከሆነ መነሻው ስቷል። የሚጠቅመን ጥያቄ «ሰውነቱ እስኪድን ድረስ ልጁን ሳይጎዳ ሕመሙን የሚያስታግስለት የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልጨምር። «10 ሚሊ ሜትር» የሚለው ቁጥር ወላጅን ያስደነግጣል። በጤነኛ ልጆች ሆድ ውስጥም ትናንሽ እጢዎች በአልትራሳውንድ ይታያሉ። ብዙ ሐኪሞች በልጆች ላይ «አብጧል» ለማለት የአጭሩን ጎን ስፋት 8 ሚሊ ሜትር እንደ መነሻ ይወስዳሉ። ልጁ እየተሻለው ከሆነ ቁጥሩ ቀነሰ አልቀነሰ ለማለት ብቻ በየሳምንቱ ገንዘብ እየከፈሉ መመላለስ አያስፈልግም።

ከመድኃኒቱ በፊት፦ ቤት ይቆይ ወይስ ሐኪም ይየው?

ይህ ሕመም የሚያስፈራው ከትርፍ አንጀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሁለቱም በቀኝ የታችኛው ሆድ ላይ ያምማሉ፤ ሁለቱም ያስታውካሉ፤ ሁለቱም ያተኩሳሉ። የትርፍ አንጀት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ወርዶ እየባሰ ይሄዳል። ልጁ ምግብ ፈጽሞ ይጠላል። ሲዘል ወይም መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያንገጫግጨው ይጮኻል፤ አጎንብሶ ይሄዳል። የንፍፊት ሕመም መጣ ሄድ ይላል፤ በመካከል ልጁ ይጫወታል፤ አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ገና አልዳነም። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም። ስለዚህ ያልታየ ልጅን በምልክቶች ብቻ ተመርታችሁ «ንፍፊት ነው» አትበሉ፤ መጀመሪያ ሐኪም መርምሮ ይወስን።

«ማስታገሻ ከሰጠሁት ሕመሙን ይሸፍነውና ሐኪሙ ትርፍ አንጀቱን ሳያገኘው ይቀራል» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከሐኪሞች ራሳቸው የመጣ ነው፤ ለረጅም ዘመን እንዲህ ተብሎ ትምህርት ይሰጥ ነበርና። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደረጉ የሕክምና ሙከራዎች ሞርፊን የሚያህል ብርቱ ማስታገሻ እንኳ ሐኪሙ በምርመራ ወይም በሕክምና ውሳኔው እንዲሳሳት የሚያደርገው ሆኖ አልተገኘም። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ድርጅትም ሙከራዎቹን አንድ ላይ መርምሮ እዚያው ደርሷል። ስለዚህ ልጁ ወደ ሐኪም እየተወሰደም ቢሆን ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል። የሰጣችሁትን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት ለሐኪሙ መንገር ግን ግዴታ ነው።

አስፕሪን

አስፕሪን በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ተሠርቶ በ1899 ለገበያ የቀረበ ነው። እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ግን ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን ሕመም፣ ትኩሳትና እብጠት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱም ሆነ። የአያትየዋ «እብጠት ያጠፋል» ሳይንሳዊ መሠረቱ ይህ ነው።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ከዚህ ልጅ ያርቁታል።

የመጀመሪያውና ትልቁ የራይ ሕመም ነው። በ1963 የአውስትራሊያው ፓቶሎጂስት ዳግላስ ራይ ከባልደረቦቹ ጋር 21 ሕፃናትን ገልጾ ጻፈ። ልጆቹ እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም ከያዛቸው በኋላ ያስመልሳቸው ጀመር፤ ከዚያ ራሳቸውን ሳቱ። ጉበታቸው ስብ ሞልቶት፣ አንጎላቸው አብጦ ነበር። ከ21ዱ 17ቱ ሞቱ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በኢንፍሉዌንዛ፣ ወይም ቺክን ፖክስ በሚባለው ጉድፍ ወቅት አስፕሪን የወሰዱ ልጆች ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳዩ። በአሜሪካ ከ1979 እስከ 1980 ባለው አንድ ዓመት 555 ሕፃናት በዚህ ሕመም ተመዝግበው ነበር። ማስጠንቀቂያው በይፋ ከተነገረና በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ከታተመ በኋላ፣ ከ1987 ጀምሮ በየትኛውም ዓመት ከ36 አልበለጠም። ብሪታንያ በ1986 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አስፕሪን እንዳይሰጥ አዘዘች፤ ኋላም ዕድሜውን ወደ 16 ከፍ አደረገችው። ሕመሙ ዛሬ ብርቅ ነው። ብርቅ የሆነው ግን ወላጆች አስፕሪን መስጠት ስላቆሙ ነው። የሆድ ውስጥ ንፍፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ሕመም ተከታይ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለዚሁ ዓይነት ልጅ ነው። ያለዚህ አደጋ የሚሠሩ ሌሎች መድኃኒቶች መደርደሪያው ላይ እያሉ ወደዚህ የሚያስገባ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው የመድማት ጉዳይ ነው። ደም ሲፈስ የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉ ሕዋሳት አስፕሪን አንዴ ካገኛቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደተዳከሙ ይቆያሉ። አይቡፕሮፌን የሚያደርሰው ተመሳሳይ ጫና መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ይለቃል። ፓራሲታሞል ፕሌትሌትን ይህን ያህል አይነካም። ነገ «ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀዶ ሕክምና ይግባ» ሊባል የሚችል ልጅ ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ለልብ የሚታዘዘው ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያለው አስፕሪን የእብጠት መድኃኒት አይደለም፤ የሚሠራው ደም እንዳይረጋ ነው። አስፕሪን እብጠት የሚያጠፋው አዋቂ ሰው በቀን ብዙ ግራም ሲወስድ ነው፤ በዚያ መጠን ደግሞ ጨጓራ ያቆስላል፣ ጆሮ ያስጮኻል። በትንሹ መጠን ጥቅሙ አይገኝም፤ አደጋው ግን ለልጅ አይቀርለትም።

እዚህ ላይ አባትየውን «ቤት ያለው አስፕሪን የትኛው ነው?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየኝ። እህቱ ከአሜሪካ ለእናታቸው የላከችው፣ 81 ሚሊ ግራም የተጻፈበት ጠርሙስ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን «ቤቢ አስፕሪን» ይሉታል። ስሙ የቀረው ኪኒኑ ለልጆች ይሰጥ ከነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የልብ ሕመምተኛ አዋቂዎች መድኃኒት ነው። ከባሕር ማዶ መድኃኒት የምትልኩ ሁሉ፣ ይህን ስም ይዞ የሚሄደውን ጠርሙስ ስትሰጡ «የሕፃን አይደለም» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። ለሆድ ሕመም የሚላከው ሮዝ ፈሳሽ፣ ፔፕቶ ቢስሞል፣ ውስጡ የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ሳሊሲሌት አለበት። አልካ ሴልትዘር በሚል ስም ከሚሸጡት የሚሟሙ ኪኒኖች ውስጥም አስፕሪን ያለባቸው አሉ። ሆዱን ላመመው ልጅ እነዚህንም አትስጡ።

ፓራሲታሞል ወይስ አይቡፕሮፌን?

የሚያስቸግረው ምርጫ ይህ ነው፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸውና።

አይቡፕሮፌን እንደ አስፕሪን እብጠትን ይቀንሳል። በልጆች ላይ በተደረጉ ንጽጽሮች ትኩሳትን ከፓራሲታሞል በመጠኑ በተሻለና ረዘም ላለ ሰዓት ያወርዳል። ሕመም በማስታገስ ይቀራረባሉ። ይህን ብቻ ያየ ሰው አይቡፕሮፌንን ይመርጣል። እኔ ግን ሆዱን ላመመው ልጅ በፓራሲታሞል መጀመርን እመርጣለሁ። የሚያስታውክና የሚያስቀምጠው ልጅ የሰውነቱ ፈሳሽ ተሟጧል፤ አይቡፕሮፌን እንዲህ ባለ ልጅ ኩላሊት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ምንም ያልበላ ልጅ ጨጓራም ከአይቡፕሮፌን ይልቅ ፓራሲታሞልን ይቀበላል። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ከሆነ አይቡፕሮፌን አይሰጠውም፤ ከብርቱ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዟልና። ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ወይም ከዚህ በፊት አይቡፕሮፌን አስሙን ያስነሳበት ልጅም አይወስደውም። ትኩሳቱ ደንጌ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን በሚችልበት አካባቢም አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሁለቱም ይቅሩ፤ ደንጌ ራሱ ያደማልና። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙን አይታዋለች።

ልጁ የሚጠጣ፣ የሚሸና፣ ትንሽም ቢሆን የሚበላ ከሆነና ፓራሲታሞል አላስታግስ ካለው፣ ያኔ አይቡፕሮፌን ተገቢ ነው፤ ከምግብ ጋር።

አሁን መጠኑን እንይ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነውና። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል። አይቡፕሮፌን ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የባንኮኒዬ ልጅ 16 ኪሎ ነው። የፓራሲታሞል መጠኑ በአንድ ጊዜ ከ160 እስከ 240 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም በያዘው ሽሮፕ፣ 240 ማለት 10 ሚሊ ሊትር ነው። መደርደሪያው ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ሌላ ሽሮፕ ግን በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ባለፈው ጊዜ «10 ሰጥቼው ነበር» ብሎ ከዚህኛው 10 የሰጠ ወላጅ፣ ሳያውቀው ከእጥፍ በላይ ሰጠ ማለት ነው። ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ቀናት ዘግይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጠርሙሱን አዙራችሁ «በ5 ሚሊ ሊትር ስንት?» የሚለውን ቁጥር አንብቡ። በወጥ ቤት ማንኪያ አትስፈሩ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ። ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ደርባችሁ እንዳትሰጡ።

ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ መስጠት አልመክርም። አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ካልበቃ ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ ሰዓቱን ጻፉ። ሌሊት በየተራ የሚነሱ እናትና አባት ካልጻፉ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይደግመዋል።

ሌሎች የሚጠየቁ

የዳይክሎፌናክ መርፌ፦ ቶሎ ስለሚያስታግስ «ይወጋልኝ» የሚል ወላጅ አለ። የአይቡፕሮፌን ወገን ነው፤ የኩላሊቱና የጨጓራው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ መርፌ መሆኑ የሚጨምረው ፋይዳ የለም። ሐኪም ካላዘዘ አልሰጥም።

አንቲባዮቲክ፦ አብዛኛው የሆድ ንፍፊት ከቫይረስ ስለሆነ አይጠቅምም። ሐኪሙ ባክቴሪያ አግኝቶ ካዘዘ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፕሬድኒሶሎን፦ እብጠት ስለሚያጠፋ ከአስፕሪን ይሻላል ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይህን በራሳችሁ ፈጽሞ አትሞክሩ። የንፍፊቱ ምክንያት የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ ከሆነ፣ ያለ ነቀርሳ መድኃኒት የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን በሽታውን ይለቅቀዋል።

ከመድኃኒት ሌላ፦ በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ የሚሰጥ ኦ.አር.ኤስ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሆዱ ላይ ለብ ያለ ጨርቅ፣ እረፍት። ብዙ ልጆችን ይህም ይረዳቸዋል።

ንፍፊቱ ሌላ ነገር የሚሆንበት ጊዜ

ከአገራችን ሁኔታ ተነስቼ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ በሽታ ጫና ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ ከሳንባ ውጪ እጢዎችን በብዛት ይይዛል፣ የሆድ ውስጦቹን ጨምሮ። ያልተፈላ ወተት አንዱ መግቢያው ነው። ሕመሙ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰውና የሚያልበው ከሆነ፣ ከከሳ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ፣ ማስታገሻ መቀያየሩን አቁማችሁ ለምርመራ ውሰዱት። ትኩሳቱን በየቀኑ በሽሮፕ እያወረዱ መቆየት በሽታው ሳይታወቅ እንዲከርም ያደርጋል። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው ወራት የሚፈጅ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ያድናልም።

ታይፎይድም የትንሹን አንጀት ጫፍና በዙሪያው ያሉትን እጢዎች ያሳብጣል። ሳይታከም ሲቆይ አንጀቱ ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል፤ አስፕሪን በዚህ ላይ ሲጨመር የመድማቱን አደጋ ያባብሳል።

ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ እየበረታ ከሄደ፣ ሆዱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ አረንጓዴ ወይም ደም ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ወይም ከስምንት ሰዓት በላይ ካልሸና፣ የሚቀጥለውን የሽሮፕ ሰዓት አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ውሰዱት።

አስፕሪን የታዘዘላቸው ልጆችና አዋቂዎች

አስፕሪን ለልጅ የሚታዘዝበት ጊዜም አለ። የልብን በሮች (ቫልቮች) የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሐኪም አስፕሪን ሊያዝለት ይችላል፤ እዚህ አገር ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። የአንገት ንፍፊት የሚያስወጣውና የልብን ደም ሥሮች የሚጎዳው የካዋሳኪ በሽታም እንዲሁ። እነዚህ ልጆች ሆዳቸውን ስላመማቸው በራሳችሁ አታቋርጡባቸው፤ ጉንፋን ወይም ጉድፍ ሲይዛቸው ግን በዚያው ቀን ሐኪማቸውን ጠይቁ። ለልቡ ወይም ለስትሮክ መከላከያ አስፕሪን የሚወስድ አዋቂም ሆዱን ሲያመው ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ማቆም አለማቆሙን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሕመሙን ለማስታገስ ሌላ አስፕሪን መጨመር ወይም አይቡፕሮፌን መደረብ ጨጓራን ለመድማት ያጋልጣል፤ ፓራሲታሞል ይሻለዋል።

ለአባትየው የሰጠሁት አንድ ጠርሙስ ባለ 120 ፓራሲታሞል፣ አንድ ሲሪንጅና ሦስት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ነበር። ሲሪንጁ 10 ላይ ሲደርስ የሚቆምበትን ቦታ በብዕር አሰመርኩለት፤ በአልትራሳውንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ ደግሞ ሰዓት መጻፊያ ዓምድ ሠራሁ። ልጁ ገና ትከሻው ላይ እንዳለ ወደ ቤት ደወለ። «እማዬ፣ ያ ጠርሙስ የአንቺ የልብ መድኃኒት ነው፤ ለእሱ አይሰጥም። ከፍ አድርገሽ አስቀምጪልኝ። የዛሬውን ግን ውጠሻል?»